ቱኒዚያ፦ ሕገ መንግሥቱ ያን ያህል ጥሩ ከነበረ ጠባቂው ማን ነበር?

መዝገብ_ቤት (ክሩን የከፈተው)

በ2011 ከተነሱት አብዮቶች ሁሉ «የተሳካላት እሷ ብቻ ናት» ስትባል የኖረችው ቱኒዚያ፣ ከ2021 ወዲህ «እሷም እንደ ሌሎቹ ሆነች» ተብላ ትታለፋለች። ሁለቱም አባባል ምንም አያስረዳም። የኔ ጥያቄ ጠባብ ነው። ጃንዋሪ 26 ቀን 2014 በ200 ድጋፍ፣ በ12 ተቃውሞና በ4 ድምፀ ተአቅቦ የጸደቀ፣ 149 አንቀጽ ያለው ሕገ መንግሥት ነበራቸው። ጁላይ 25 ቀን 2021 ማታ ፕሬዚዳንት ቃይስ ሰዒድ በቴሌቪዥን ቀርቦ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ሂሻም መሺሺን አነሳ፣ ምክር ቤቱን አገደ፣ የአባላቱን ያለመከሰስ መብት ገፈፈ። ሌሊቱን አፈ ጉባኤው ራሺድ ገኑሺ ምክር ቤቱ በር ድረስ ሄዶ ወታደሮች አላስገባህም አሉት። በቃ፣ አለቀ። ይህን «ሕጋዊ አይደለም» ብሎ ሊያስቆም የሚችል አካል የት ነበር?

ስትጽፉ የአንቀጽና የሕግ ቁጥር ጥቀሱ። «ዓረቦች ሲፈጥራቸው እንዲህ ናቸው» የሚል አስተያየት ይሰረዛል። ቀኖቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ይሁኑ።

---

ትርሲት

አካሉ ወረቀት ላይ ነበረ። አንቀጽ 118 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ያቋቁማል፦ 12 አባላት፣ አራቱን ምክር ቤቱ፣ አራቱን የዳኞች ከፍተኛ ጉባኤ፣ አራቱን ፕሬዚዳንቱ ይሰይማሉ፤ የሥራ ዘመናቸው አንድ ጊዜ ብቻ 9 ዓመት፤ ከአሥራ ሁለቱ ዘጠኙ የሕግ ባለሙያ መሆን አለባቸው። አንቀጽ 148 ደግሞ ከመጀመሪያው የምክር ቤት ምርጫ በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ ይቋቋም ይላል። ምርጫው የተደረገው ኦክቶበር 26 ቀን 2014 ነው። ማቋቋሚያ ሕጉ ግን (ሕግ ቁጥር 50) የወጣው ዲሴምበር 3 ቀን 2015 ነው። ስለዚህ ቀነ ገደቡ ያለፈው አንድም ዕጩ ሳይቀርብ ነው።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ የቁጥር ጉዳይ ሆነ። ሕጉ ቅደም ተከተል አበጀለት፤ መጀመሪያ ምክር ቤቱ አራቱን ይምረጥ፣ ቀጥሎ የዳኞች ጉባኤው፣ በመጨረሻ ፕሬዚዳንቱ። የመጀመሪያው ካልተንቀሳቀሰ ሌሎቹ መንቀሳቀስ አይችሉም። ለምክር ቤቱ ዕጩ የሚያስፈልገው ድምፅ ሁለት ሦስተኛ ነው፤ ከ217 መቀመጫ 145። ድምፁ በምስጢር ይሰጣል። ዕጩው ቢያንስ 45 ዓመት የሞላው፣ የ20 ዓመት ልምድ ያለው መሆን አለበት።

አሁን ስሌቱን እዩት። በ2014ቱ ምርጫ ዓለማዊው ፓርቲ ኒዳ ቱኒስ 86፣ እስላማዊው ኤናህዳ 69 መቀመጫ አገኙ። ድምሩ 155። ሁለቱ ጥምር መንግሥት ውስጥ አብረው ተቀምጠዋል፤ ቢስማሙ ሦስተኛ ሰው ሳይለምኑ አራቱንም ዳኛ በአንድ ከሰዓት መርጠው ይገባሉ። አልሆነም። ቀን በመሪዎች ስብሰባ ስምምነት ይደረስና ማታ በምስጢር ካርድ ይፈርሳል፤ ማን እንደከዳ አይታወቅማ። ኒዳ ቱኒስ ራሱ በ2016 መጀመሪያ ተሰነጠቀና ስሌቱ ይበልጥ ከፋ። በማርች 2018 አንዲት ዳኛ ብቻ፣ ራውዳ ዋርሲግኒ፣ 145ን አለፉ። ከዚያ በፊትም በኋላም ማንም አላለፈም።

---

ባላገሩ

ስሌቱ ቆንጆ ነው ትርሲት። ግን ሰው ጁላይ 25 ማታ መኪናውን እያስጮኸ በደስታ የወጣው ስለ አንቀጽ 118 ግድ ስለሌለው ነው። በአሥር ዓመት ወደ 10 የሚጠጉ ካቢኔዎች ተፈራርቀዋል። የጋፍሳ ፎስፌት በ2010 ወደ 8 ሚሊዮን ቶን ይመረት የነበረው ከግማሽ በታች ወርዷል። ከዓለም የገንዘብ ድርጅት የ2016ቱ 2.9 ቢሊዮን ዶላር ብድር የመጣው የመንግሥትን ደመወዝ ቀንሱ ከሚል ትእዛዝ ጋር ነው። በጁላይ 2021 ሆስፒታሎች ኦክስጅን አጥሯቸው በኮቪድ ሰው ይረግፋል፣ ምክር ቤት ውስጥ ደግሞ የተከበሩት ይደባደባሉ። ሲዲ ቡዚድ ከተማ ውስጥ አብዮቱን የለኮሰው መሐመድ ቡዓዚዚ ራሱን ሲያቃጥል የነበረው ሥራ አጥነት አሁንም እዚያው ቁጭ ብሏል። እንዲህ ያለ ሕዝብ 12 ሽማግሌ ጥቁር ካባ ለብሶ ቢቀመጥለት ምን ይለወጥ ነበር?

---

ዳኘው

ባላገሩ፣ ሰዉ ለምን ደስ እንዳለው በደንብ አስረድተሃል። ጥያቄው ግን በ31ኛው ቀን ምን መሆን ነበረበት ነው፤ እሱ ደግሞ ቁልጭ ብሎ ተጽፏል።

ሰዒድ የጠቀሰው አንቀጽ 80ን ነው። አንቀጹ የሚፈቅደው ይህን ነው፦ አገሪቱን ወይም ተቋማቷን የሚያሰጋ አስቸኳይ አደጋ ሲኖርና መደበኛ አሠራር ሲስተጓጎል፣ ፕሬዚዳንቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና አፈ ጉባኤውን አማክሮ፣ ለሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት አሳውቆ፣ ልዩ እርምጃ ይወስዳል። በዚህ ጊዜ ሁሉ ምክር ቤቱ ሳይበተን፣ ያለማቋረጥ በስብሰባ ላይ እንዳለ ይቆጠራል። በመንግሥት ላይ የመተማመኛ ድምፅ ማንሳትም አይቻልም። 30 ቀን ሲያልፍ አፈ ጉባኤው ወይም 30 አባላት «አደጋው አሁንም አለ ወይ?» ብለው ፍርድ ቤቱን መጠየቅ ይችላሉ፤ ፍርድ ቤቱ በ15 ቀን ውስጥ በይፋ ይመልሳል።

አንድ በአንድ ስናየው፦

ማማከር፦ ሰዒድ አማክሬአለሁ አለ፤ ገኑሺ አልተማከርኩም አለ። ማን እንደዋሸ የሚወስነው ፍርድ ቤቱ ነበር።

ለፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ማሳወቅ፦ የሚነገረው ሰው የለም።

«ያለማቋረጥ በስብሰባ ላይ»፦ ሰዒድ «አገድኩ እንጂ አልበተንኩም» የሚል ክፍተት አገኘ። «ማገድ» የሚለው ቃል አንቀጹ ውስጥ የለም።

30ኛው ቀን፦ ኦገስት 23 ላይ «እስከሚቀጥለው ማስታወቂያ» ተብሎ ተራዘመ። አቤቱታ የሚቀበል መዝገብ ቤት የለም (የክሩ ባለቤት ይቅርታ)።

ሴፕቴምበር 22 ቀን ድንጋጌ ቁጥር 117 ወጣ። ከሕገ መንግሥቱ መግቢያውንና የመጀመሪያዎቹን ሁለት ምዕራፎች ሳይነካ ትቶ ሌላውን ከድንጋጌው ጋር እስካልተጋጨ ድረስ ብቻ አስቀረው። ማለትም ሕገ መንግሥቱ ከድንጋጌው በታች ሆነ። የድንጋጌው አንቀጽ 7 ደግሞ በዚህ መንገድ የሚወጡት ሕጎች ይሰረዙልኝ ተብሎ ክስ እንዳይቀርብባቸው ዘጋ። ያ አንቀጽ ከሁሉም የባሰ ነው፤ ብዙ ሰው ግን አያነሳውም።

---

ባላገሩ

ፍርድ ቤት ባይኖርም ሌሎች ዳኞች አሉ። አንድ የወረዳ ዳኛ «ይህ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል» ብሎ መወሰን አይችልም ነበር?

---

ትርሲት

አይችልም። ከልክለውታል። አንቀጽ 148 ቁጥር 7 ጊዜያዊ አካል ያቋቁማል፦ የሰበር፣ የአስተዳደርና የኦዲት ፍርድ ቤቶች የበላይ ኃላፊዎች፣ ከነሱ ጋር በአፈ ጉባኤው፣ በፕሬዚዳንቱና በጠቅላይ ሚኒስትሩ አንድ አንድ የሚሰየሙ ሦስት የሕግ ባለሙያዎች። ስድስት ሰው። ሥልጣናቸው ረቂቅ ሕግ ማየት ብቻ ነው፤ በሥራ ላይ ያለ ሕግ አይነኩም። ከዚያ አንቀጹ ያክልና ሌሎች ፍርድ ቤቶች የሕግን ሕገ መንግሥታዊነት የመመርመር ሥልጣን የላቸውም ይላል። ለአንድ ዓመት ታስቦ የገባ መሸጋገሪያ ነበር፤ ሰባት ዓመት ቆየ። ድንጋጌ 117 በመጨረሻ ይህንንም ጊዜያዊ አካል ሰረዘው።

የዚህ ውጤት ለተራው ሰው ምን እንደሆነ አስቡት። በአብዮቱ በወደቀው በቤን አሊና ከዚያም በፊት በፈረንሳይ ዘመን የወጡ ሕጎች ሁሉ ከ2014ቱ የመብት ምዕራፍ ጋር ቢጋጩም አንድም ዳኛ ሊሽራቸው አይችልም። የወንጀለኛ መቅጫው የ1913 ነው።

በ2019ም ማስጠንቀቂያ ደርሷቸው ነበር። ጁን 27 ቀን ፕሬዚዳንት ቤጂ ቃይድ ኤሰብሲ በጠና ታመው ሆስፒታል ሲገቡ፣ ሥልጣኑ ክፍት ሆኗል ብሎ የሚያውጀው በአንቀጽ 84 ያው ያልተወለደው ፍርድ ቤት እንደነበረ አገሩ በሙሉ አወቀ። ጁላይ 25 ሲሞቱ አፈ ጉባኤው መሐመድ ኤናሰር ቃለ መሐላ ፈጽመው ተኩ፣ ነገሩ በሰላም አለፈ፣ ሁሉም ረሳው። በማርች 2021 ምክር ቤቱ 145ቱን ወደ 131 ዝቅ የሚያደርግ ማሻሻያ ሲያወጣ ሰዒድ በኤፕሪል አልፈርምም አለ። ምክንያቱ? የተሰጠው የአንድ ዓመት ገደብ አልፏል። የሕገ መንግሥት ሕግ መምህር ስለነበረ ክርክሩን ያውቅበታል።

---

ሰብለ_ወ

የ1913ቱን ካነሳሽ ልቀጥል። ንግግርና ፕሬስን በተመለከተ ቱኒዚያ ሁለት የሕግ ክምር ጎን ለጎን ነበራት።

አንደኛው አብዮቱ ያመጣው ነው። ድንጋጌ ቁጥር 115 (ኖቬምበር 2011)፦ ስም ማጥፋት እስራት የለውም፣ ቅጣቱ ከ1,000 እስከ 2,000 ዲናር ነው። ድንጋጌ 116 የሬድዮና ቴሌቪዥን ተቆጣጣሪ አቋቋመ።

ሁለተኛው ያልተነካው ነው። የወንጀለኛ መቅጫው አንቀጽ 67፦ ርእሰ ብሔሩን መዝለፍ፣ እስከ 3 ዓመት። አንቀጽ 125፦ የመንግሥት ሠራተኛን መስደብ፣ አንድ ዓመት። አንቀጽ 128፦ የመንግሥት ሠራተኛን ያለ ማስረጃ መወንጀል፣ 2 ዓመት። የቴሌኮም ሕጉ አንቀጽ 86፦ «በሕዝብ የመገናኛ መረብ ሌላውን ማወክ»፣ ከ1 እስከ 2 ዓመት። የወታደራዊ ፍትሕ ሕጉ አንቀጽ 91፦ ሠራዊቱን መንካት፣ ከ3 ወር እስከ 3 ዓመት፤ ሲቪልም ቢሆን በወታደራዊ ችሎት።

«ልዩ ሕግ ከጠቅላላ ሕግ ይቀድማል» የሚለውን መርህ ጠበቆች በየችሎቱ ሲያነሱ ኖረዋል፤ ለታተመ ወይም ለተሠራጨ ቃል 115 ነው የሚገዛው ብለው። ዐቃቤ ሕግ ግን ፋይሉን በ86 ወይም በ128 ይከፍተዋል፣ ዳኛው ይቀበለዋል። ለዚህ ጁላይ 2021ን መጠበቅ አላስፈለገም። በ2012፣ ኤናህዳ ጥምሩን ሲመራ፣ የመህዲያ ፍርድ ቤት አንድ ወጣት ፌስቡክ ላይ በለጠፈው ሥዕል 7 ዓመት ከመንፈቅ ፈርዶበታል። ሦስት የቆዩ አንቀጾች ተደማምረው ነው።

የወታደራዊው ችሎት ነገርማ ይገርማል። የ2014ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 110 ሥልጣኑን ለወታደራዊ ወንጀል ብቻ ይወስናል። የመጨረሻው አንቀጽ፣ 149፣ ሕጉ እስኪሻሻል ድረስ እንደነበረው ይቀጥል ይላል። ሕጉ አልተሻሻለም። የምክር ቤት አባሉ ያሲን አያሪ አባልነቱ በታገደ በአምስተኛው ቀን የታሰረው በ2018 በወጣ የወታደራዊ ችሎት ፍርድ ነው። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ማለት ይህ ነው፤ ቀዳዳውን የቀደደው ግን ሰዒድ አልነበረም።

---

ፀሐይ_በር

ድንጋጌ 54 የሚባለውስ? ዜና ላይ ሁሌ የሚነሳው እሱ ነው።

---

ሰብለ_ወ

ሴፕቴምበር 13 ቀን 2022 የወጣ የኮምፒውተር ወንጀል ድንጋጌ ነው። አንቀጽ 24 ላይ «ሐሰተኛ ዜና፣ መረጃ ወይም ወሬ» የሌላውን መብት ለመንካት፣ የሕዝብ ደኅንነትን ለመጉዳት ወይም ሽብር ለመንዛት በመረብ ያሠራጨ ሰው 5 ዓመት እስራትና 50,000 ዲናር። የተነካው የመንግሥት ሠራተኛ ከሆነ ቅጣቱ እጥፍ ነው። አንድን ሚኒስትር ያማ ጋዜጠኛ በ115 ቢከሰስ ጣራው 2,000 ዲናር፣ በ54 ቢከሰስ 10 ዓመት። የትኛውን መዝገብ እንደሚከፍት የሚመርጠው ዐቃቤ ሕጉ ነው።

ሦስት ነገር ልብ በይ። አንደኛ፣ «ሐሰት» ምን እንደሆነ ትርጉም የለውም፤ አስተያየትና ምጸት ሁሉ ይገባል። ጠበቃዋ ሶንያ ዳህማኒ በሜይ 2024 በቴሌቪዥን ውይይት ላይ አገሪቱን በማሾፍ «ድንቅ አገር» አይነት ቃል በመናገሯ ነው የተያዘችው፤ የተወሰደችውም ከጠበቆች ማኅበር ሕንፃ ውስጥ ነው። አንድ ዓመት ተፈርዶባት በይግባኝ ወደ 8 ወር ወረደ። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ንግግር የራሱ ፋይል ይከፈትበታል፤ ስለዚህ አንዱ ቅጣት ሲያልቅ ሌላው ይጀምራል። ሦስተኛ፣ በአንቀጽ 6 የኢንተርኔት አገልግሎት ሰጪዎች የተጠቃሚውን መረጃ ቢያንስ 2 ዓመት ያስቀምጣሉ። ሰው በሐሰተኛ ስም መጻፉ ብዙም አያድነውም።

---

ቀጠሮ_ሰጪ

ስለ እስር አያያዝ እኔ ልጨምር፤ አብዮቱ በእርግጥ ያሻሻለው ነገር ቢኖር አንዱ እሱ ነውና። ድሮ ፖሊስ 3 ቀን ይይዝና አንድ ጊዜ ለ3 ቀን ያድሳል፤ ጠበቃ የለም። ሕግ ቁጥር 5 (2016) ከጁን 1 ቀን 2016 ጀምሮ ይህን ቀየረው፦ 48 ሰዓት፣ ዐቃቤ ሕግ በጽሑፍ ምክንያቱን ገልጾ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያድሰው፤ ለቀላል ወንጀል 24፣ ለከባድ 48 ሰዓት። ጠበቃ ከመጀመሪያው ሰዓት። ለብቻ 30 ደቂቃ መነጋገር፣ ምርመራው ላይ መቀመጥ፣ ሐኪም መጠየቅ፣ ለቤተሰብ ማሳወቅ።

የሚሰበረው የት ነው? የክሱ ስም ላይ። ፋይሉ በሽብር ሕጉ (ቁጥር 26፣ 2015) ከተከፈተ 5 ቀን፣ ሁለት ጊዜ የሚታደስ፣ በድምሩ 15 ቀን ይሆናል፤ ጠበቃም ለመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ሊከለከል ይችላል። ስለዚህ በፌብሩዋሪ 2023 እነ ኻያም ቱርኪ፣ ጀውሀር ቤን ምባረክ፣ ጋዚ ሻዋሺ፣ ኢሳም ሼቢ «በመንግሥት ላይ ማሴር» ተብለው ሲያዙ ከሽብር ሕጉ ጋር መያያዙ ያለ ምክንያት አይደለም።

ከዚያ ቀጥሎ ወደ መርማሪ ዳኛ ይሄዳል። በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 85 የቅድመ ፍርድ እስር 6 ወር ነው፤ ለከባድ ወንጀል ሁለት ጊዜ በ4 በ4 ወር ይራዘማል። ጣራው 14 ወር። እነዚህ ሰዎች በኤፕሪል 2024 14 ወር ሞላቸው። ጠበቆቹ ቀን ቆጥረው ይፈቱልን አሉ። መርማሪው በዚያው ወር ፋይሉን ዘግቶ ጉዳዩ ለፍርድ ይቅረብ አይቅረብ ብሎ ወደሚወስነው የክስ ችሎት አስተላለፈው፤ ቆጠራው የሚመለከተው ምርመራን እንጂ ከዚያ በኋላ ያለውን አይደለም ተባለና በእስር ቀሩ። የፍርድ ሂደቱ የተጀመረው በማርች 2025 ነው፤ ታሳሪዎቹን አዳራሽ ሳያመጡ በቪዲዮ። በኤፕሪል 2025 ከ13 እስከ 66 ዓመት ተፈረደ፤ በኖቬምበር ይግባኙ ከ5 እስከ 45 ዓመት አደረገው።

አንቀጽ 85ን የምታነቡ ሰዎች «ጣራ አለው» ብላችሁ አትሸወዱ። ጣራው ለአንዱ ክፍል ብቻ ነው።

---

ባላገሩ

እሺ፣ ይህን አላውቅም ነበር። ግን ዳኞቹ ራሳቸው የት ሄዱ? ቢያንስ ዋስትና የሚፈቅድ አንድ ዳኛ ይጠፋል?

---

ጋሽ_ተካ

ልጄ፣ ዳኛው ቢፈቅድ ማግስቱን ምን እንደሚደርስበት አይቷል።

በፌብሩዋሪ 2022 የዳኞች ከፍተኛ ጉባኤ ፈርሶ በድንጋጌ 11 ጊዜያዊ ጉባኤ ተተካ። ጁን 1 ቀን ድንጋጌ 35 መጣ፦ ፕሬዚዳንቱ ከሚመለከታቸው አካላት በሚቀርብ ሪፖርት ዳኛን ያሰናብታል፤ ወዲያው የወንጀል ክስ ይከፈታል፤ የተሰናበተው ዳኛ ስንብቱን በፍርድ ቤት መቃወም የሚችለው የወንጀል ጉዳዩ የመጨረሻ ፍርድ ካገኘ በኋላ ነው። በዚያው ቀን 57 ዳኞች ተባረሩ። በኦገስት የአስተዳደር ፍርድ ቤቱ የ49ኙን ስንብት አገደ። አንዳቸውም ወደ ችሎታቸው አልተመለሱም። ከዚያ ወዲህ ዳኞች በፍትሕ ሚኒስትሩ የአንድ ገጽ ማስታወሻ ከከተማ ከተማ ይዘዋወራሉ። አንድ ዳኛ ልጆቹን ከትምህርት ቤት ነቅሎ 400 ኪሎ ሜትር ደቡብ እንዲሄድ ማድረግ ከማባረር ይረክሳል፤ ጋዜጣም አይጽፈውም።

ምርጫውንም በዚሁ መነጽር እዩት። በ2024 ለፕሬዚዳንትነት ለመቅረብ 10,000 የመራጭ ፊርማ ከቢያንስ 10 የምርጫ ክልሎች፣ ከእያንዳንዱ ከ500 ያላነሰ፤ ወይም የ10 የምክር ቤት አባላት፤ ወይም የ40 የአካባቢ ምክር ቤት ሊቀ መናብርት ድጋፍ። 10,000 ዲናር ማስያዣ። ከዚህ ሁሉ በላይ «ቢ3» የሚባለው ከወንጀል ነፃ መሆንን የሚያሳይ ወረቀት፤ ሰጪው ደግሞ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር። ብዙ ዕጩዎች ፊርማ አሟልተው በዚያች ወረቀት ቀርተዋል። እምቢ አይባሉም፣ አይሰጣቸውምም።

ምርጫ ቦርዱ ሦስት ሰው ብቻ ተቀበለ። የአስተዳደር ፍርድ ቤቱ ሙሉ ጉባኤ አብደለጢፍ መኪን፣ ኢማድ ዳይሚንና ሙንዚር ዘናይዲን ይመለሱ ብሎ ወሰነ። ቦርዱ «ውሳኔው በ48 ሰዓት ውስጥ አልደረሰኝም» ብሎ አልፈጽምም አለ። ሴፕቴምበር 27 ቀን፣ ድምፅ ሊሰጥ 9 ቀን ሲቀረው፣ ከእገዳው በኋላ የተመረጠው አዲሱ ምክር ቤት የምርጫ ክርክርን ከአስተዳደር ፍርድ ቤት ነጥቆ ለቱኒስ ይግባኝ ሰሚ ሰጠ። ኦክቶበር 6 ሰዒድ 90.7 በመቶ አገኘ፤ የመራጩ ተሳትፎ ግን ከ29 በመቶ በታች። ሁለተኛ የወጣው አያሺ ዘመል የተወዳደረው እስር ቤት ሆኖ ነው።

---

ማኅደር

ስለ ማኅበራት ማንም አላነሳም። ድንጋጌ 88 (ሴፕቴምበር 2011) ለኔ አብዮቱ ያወጣው ምርጥ ሕግ ነው፤ እንዴት እንደሚሠራና የት እንደሚያነቅ ላስረዳ።

ከአብዮቱ በፊት በ1959ኙ ሕግ ማመልከቻ ለአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ይገባል፤ ደረሰኝ ይሰጣሉ ይላል። ዘዴው ደረሰኙን አለመስጠት ነበር። ደረሰኝ ከሌለህ አላመለከትክም።

88 ይህን ሊዘጋ ነው የተጻፈው። ሁለት ሰው ይበቃል፤ 16 ዓመት የሞላው ልጅም መሥራች መሆን ይችላል። ለመንግሥት ዋና ጸሐፊ በአደራ ደብዳቤ ከነመድረሻ ማረጋገጫው ይላካል፦ መግለጫው፣ የመሥራቾቹ መታወቂያ ቅጂ፣ የተፈረመ መተዳደሪያ ደንብ ሁለት ቅጂ። ሲላክ የፍርድ ቤት መልእክተኛ ፖስታው ውስጥ ምን እንዳለ አይቶ ቃለ ጉባኤ ይይዛል። ይህ ሰው ወሳኝ ነው፤ «ባዶ ፖስታ ነው የደረሰን» እንዳይባል። ማረጋገጫው ሲመለስ በ7 ቀን ውስጥ ለይፋዊው ጋዜጣ (የነሱ ነጋሪት ጋዜጣ) ማተሚያ ቤት ይሰጣል። በ30 ቀን ማረጋገጫ ካልመጣ ደርሷል ተብሎ ይቆጠራል።

የሚያነቀው ማተሚያ ቤቱ ላይ ነው። ሕጉ 30 ቀን ካለፈ ይበቃል ቢልም የማተሚያ ቤቱ ሠራተኛ ማረጋገጫዋን ካላየሁ አላትምም ይላል። ሕጋዊ ሰውነት የሚገኘው ከኅትመቱ ነው፤ ያለ እሱ ባንክ ሒሳብ አይከፍትም። የድሮው ደረሰኝ በሌላ በር ተመልሶ መጣ ማለት ነው። በ2018 ሕግ ቁጥር 52 በብሔራዊ የድርጅቶች መዝገብም ተመዝገቡ የሚል ሁለተኛ በር አከለ።

የውጭ ገንዘብ ይፈቀዳል። ግን በአንድ ወር ውስጥ ምንጩን፣ መጠኑንና ዓላማውን በጋዜጣ አውጥቶ ለዋና ጸሐፊው ማሳወቅ ግዴታ ነው። የዓመት ገቢው ከ100,000 ዲናር ካለፈ ኦዲተር። ትንንሽ ማኅበራት የሚጠመዱት በዚህች የጋዜጣ ማስታወቂያ ነው፤ አንዷን ከረሱ አንቀጽ 45 ይመጣል፦ ማስጠንቀቂያ 30 ቀን፣ ቀጥሎ በፍርድ ቤት ትእዛዝ 30 ቀን እገዳ፣ ቀጥሎ መፍረስ። በኦክቶበር 2025 የዴሞክራት ሴቶች ማኅበርና የኢኮኖሚና ማኅበራዊ መብቶች ፎረም በጥቂት ቀናት ልዩነት የታገዱት በዚሁ የ30 ቀን መንገድ ነው። ምርጡ ሕግ ሳይቀየር ይኸው።

---

ፀሐይ_በር

እኛን የሚነካውስ? በሊቢያ በኩል ወጥተው ዛርዚስና መድኒን የተቀመጡ የእኛና የኤርትራ ልጆች አሉ።

---

ማኅደር

በአጭሩ፦ ቱኒዚያ የጥገኝነት ሕግ የላትም። የ2014ቱ አንቀጽ 26 የፖለቲካ ጥገኝነትን ዋስትና ሰጠ፤ ማስፈጸሚያ ሕጉ ግን አልወጣም። የስደተኛ ካርድ ይሰጥ የነበረው የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ነው (በ2024 አዲስ ምዝገባው ቆሟል)፤ የመኖሪያ ፈቃድ ግን አይሆንም። የሚሠራው የ1968ቱ የውጭ ዜጎች ሕግ ነው፤ ሰዒድ ፌብሩዋሪ 21 ቀን 2023 ከሰሃራ በታች በመጡ ስደተኞች ላይ ካወጣው መግለጫ በኋላ አከራዮች ሰው ከቤት ያስወጡት ይህንኑ ሕግ ፈርተው ነው። የቆይታ ፈቃዱ ያለፈበት ሰው በየሳምንቱ 20 ዲናር ቅጣት ይቆጠርበታል፤ ሲወጣ ይከፍላል። የዘር መድልዎን የሚከለክል ሕግም (ቁጥር 50፣ 2018) አላት፤ ከአፍሪካ ቀደምት ከሆኑት አንዱ። መግለጫውን የአፍሪካ ኅብረት ኮሚሽን ከአዲስ አበባ ባወገዘ ጊዜ ያ ሕግ አምስተኛ ዓመቱን አልደፈነም ነበር።

---

ዳኘው

የአፍሪካ ኅብረት ከተነሳ አሩሻ ያለውን የአፍሪካ የሰዎችና የሕዝቦች መብት ፍርድ ቤት እንጨምር። ቱኒዚያ በ2017 ግለሰብ በቀጥታ እንዲከሳት ከፈቀዱ ጥቂት አገሮች አንዷ ሆነች። አንድ ቱኒዚያዊ ጠበቃ ድንጋጌ 117ን ከሰሰ፤ የአገር ውስጥ መፍትሔ አልጨረስክም እንዳይሉት የሚጨርስበት ፍርድ ቤት የለም። ሴፕቴምበር 22 ቀን 2022፣ ድንጋጌው በወጣ ልክ በዓመቱ፣ ድንጋጌዎቹ ይሻሩ፣ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱም በሁለት ዓመት ይቋቋም ተብሎ ተፈረደ። አልተፈጸመም። በማርች 2025 ቱኒዚያ ፈቃዷን አነሳች። በፍርድ ቤቱ አሠራር መነሳቱ የሚጸናው ከ12 ወር በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት የገባ መዝገብ ይቀጥላል።

---

ባላገሩ

ሰዒድ በ2022 ያመጣው አዲሱ ሕገ መንግሥትስ? የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት የለበትም?

---

ትርሲት

አለበት። 9 አባላት፤ ከሰበር፣ ከአስተዳደርና ከኦዲት ፍርድ ቤቶች በአገልግሎት ዘመን ቀዳሚ የሆኑ ሦስት ሦስት ዳኞች። ምክር ቤት አይመርጥም፣ 145 የለ፣ ምስጢር ካርድ የለ። የፕሬዚዳንቱ ፊርማ ይበቃል። እስከ 2025 ድረስ አልተፈረመም። በአገልግሎት ቀዳሚዎቹን ስለሚወስድ ቢቋቋም እንኳ አባላቱ ጡረታ ደጃፍ ላይ ሆነው ነው የሚገቡት፤ በየጊዜው ይለዋወጣሉ።

አንድ ነገር ግን አትለፉት። በ2019 የሥልጣን ክፍተት ሲፈጠር አፈ ጉባኤው ነበር የተካው። በአዲሱ አንቀጽ 109 ተተኪው የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ነው።

---

ባላገሩ

የሌለው ሰውዬ?

---

ትርሲት

አዎ፣ እሱ።